የመኪና ቀለም እንክብካቤና ዋጋው

ዲቴይሊንግ እየተባለ የሚጠራው ሙያ፣ የመኪናን ውጫዊ አካል በሚመለከተው ክፍሉ፣ ቆሻሻን ከማጠብ አልፎ በቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ባዕድ ነገር ማስለቀቅን፣ በላይኛው ሽፋን ላይ የተጫሩትን ጥቃቅን መስመሮች በማሽን ማለስለስንና በመጨረሻም ቀለሙን ከፀሐይ፣ ከውሃና ከኬሚካል የሚጠብቅ መከላከያ መቀባትን ያጠቃልላል። በኢትዮጵያ ከተሞች ላቫጆ በሚባለው የመኪና ማጠቢያ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር የሚጋራው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን የሚወስድ፣ ያልተካነ እጅ ካረፈበትም መኪናውን እንደገና ቀለም ወደ ማስቀባት የሚያደርስ ነው። ሙያው ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖ ሥር በሰደደበት በአሜሪካ፣ በአንድ ከተማ የሚገኙ ሁለት ሱቆች ለአንድ ዓይነት መኪና አንደኛው 150፣ ሌላኛው 1,500 ዶላር ቢጠይቁ ሁለቱም ተገቢውን ዋጋ ጠይቀው ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በማስታወቂያቸው ላይ የጻፉት ስም አንድ ይሁን እንጂ የሚሸጡት የሥራ ሰዓት ፈጽሞ አይገናኝም። የትኛው ዋጋ ለየትኛው መኪና እንደሚገባ ለመወሰን ደግሞ የሚሠራበት ነገር፣ ማለትም ቀለሙ ራሱ፣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፋብሪካ የወጣ ዘመናዊ መኪና ቆርቆሮው አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽፋኖችን ለብሶ ይገኛል። ከሁሉ በታች ያለው፣ ቆርቆሮው በፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለጠፍበት የዝገት መከላከያ ነው፤ በላዩ ፕራይመር የሚባለው፣ ወለሉን የሚያስተካክልና ቀጣዩን ቀለም አጥብቆ የሚይዝ ሽፋን ይከተላል፤ ሦስተኛው ነጩን፣ ጥቁሩን ወይም ብርማውን መልክ የያዘው ስስ ንብር ሲሆን፣ የላይኛው ደግሞ ክሊር የሚባለው፣ የራሱ ቀለም የሌለውና ብርሃን የሚያሳልፈው ሽፋን ነው። የአራቱ ድምር ውፍረት በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ስለሆነ ጠቅላላው ቀለም ከሚሊሜትር አንድ ስድስተኛ አይሞላም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ተራ የሰው ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ባለሙያው የሚያለሰልሰውም ሆነ የሚያሳሳው ይህንኑ ንብር ነው። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራው ኬሚካል የሚገኘው በክሊሩ ውስጥ በመሆኑ፣ ሽፋኑ ከልክ በላይ ከሳሳ ከሥሩ ያለው ቀለም ይደበዝዛል፣ ክሊሩም እየተላጠ ይነሣል። በአሮጌ መኪኖች ጣሪያና ኮፈን ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ልጣጭ በአብዛኛው የዚህ ሽፋን ማለቅ ምልክት ሲሆን፣ አንዴ ከጀመረ ውልወላ አይመልሰውም፤ መፍትሔው ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው።

ይህ አወቃቀር ያን ያህል ዕድሜ ያለው አይደለም። እስከ እ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መኪኖች እንደ ሠረገላ በብሩሽ በሚቀባ ቫርኒሽ ይሠሩ ስለነበር ቀለሙ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ዱኮ በሚል ስም ያወጣውን፣ በመርጫ የሚረጭና ፈጥኖ የሚደርቅ ላከር ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ለ1924 በቀረቡት የኦክላንድ ሞዴሎቹ ላይ በሥራ ሲያውል ይህ ችግር ተቃለለ፤ ሆኖም ላከሩ ሲደርቅ ስለሚፈዝ እንዲያበራ መወልወል የግድ ነበር፤ የወልዋዩ እጅም ከመኪና ፋብሪካ ጋር በዚህ ተቆራኘ። ለሙያው የሚያስፈልገው እውቀት ቀድሞ የነበረው በአናጺዎች ቤት ነው፤ ዛሬ በመኪና መወልወያ ምርቶቹ የሚታወቀው ሜጓየርስ እ.ኤ.አ. በ1901 ሥራ ሲጀምር ያዘጋጅ የነበረው የቤት ዕቃ መወልወያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ቀለሙና ክሊሩ በየብቻቸው የሚረጩበት ዘዴ እየተስፋፋ ሲመጣ፣ ውልወላው ከቀለሙ ላይ ሳይሆን ከክሊሩ ላይ የሚቀንስ ሥራ ሆነ።

ከዚህ ደንብ የወጡ ቀለሞች ግን አሉ፤ ለኢትዮጵያ አንባቢም የሚቀርቡ ናቸው። ቶዮታ 040 በሚል ቁጥር የሚለየው ነጭ ቀለም ለረጅም ዘመን ክሊር ሳይደረብበት እንደ ነጠላ ሽፋን ሲረጭ የቆየ ነው። በዚህ ዓይነት ቀለም የተሠራ ነጭ ላንድ ክሩዘር በሚወለወልበት ጊዜ የማሽኑ ስፖንጅ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ነገሩን የማያውቅ ባለቤት ቀለሙ እየተነሣ መሆኑን አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ሆኖም የተነሣው በፀሐይ የሞተውና ዱቄት የሆነው የላይኛው ክፍል በመሆኑ ሥራው በልክ እስከተሠራ ድረስ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ነጠላ ቀለም ከደበዘዘ በኋላ በውልወላ የሚያሳየው ለውጥ ከክሊር ይልቅ ጎልቶ የሚታይ በመሆኑ፣ ለገንዘቡ ጥሩ ምላሽ የሚሰጠው ሥራ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሥራው ቅደም ተከተል ሲመጣ፣ በሱቆች መካከል ያለው ልዩነት በስም እንጂ በመሠረቱ ብዙ አይደለም። መኪናው በመጀመሪያ በአረፋ ተሸፍኖ ልቅ የሆነው አፈርና ጭቃ በግፊት ውሃ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ከዚያም አሲድነትም አልካሊነትም በሌለው ሻምፖ በእጅ ይታጠባል። በሙያው ሁለት ባልዲ የማይጠቀም አጣቢ አይታመንም፤ አንዱ ባልዲ የሳሙናው ሲሆን ሁለተኛው ጓንቱ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት አሸዋውን የሚያራግፍበት ንጹሕ ውሃ ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ምክንያቱም በፀሐይ ብርሃን ሲታይ በጨለምለም መኪኖች ላይ የሸረሪት ድር መስሎ የሚወጣው ክብ ክብ ጭረት በአብዛኛው የሚመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከማጠቢያ ነው። ጎማና ቸርኬ የተፈተገበት ጨርቅ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ፣ ወይም የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው አውቶማቲክ ማጠቢያ ከፊተኛው መኪና የያዘውን አሸዋ በተከታዩ ላይ ሲያሽ፣ ባለቤቱ ኋላ በመቶዎች ዶላር ከፍሎ የሚያስጠፋውን ጭረት በጥቂት ዶላር እየገዛ ነው።

ከእጥበት በኋላ በውሃና በሳሙና የማይለቀው ይቀራል። ከፍሬን ዲስክ የሚበተነው የብረት ብናኝ ገና ትኩስ ሳለ በቀለሙ ላይ ተሰክቶ ይዝጋል፤ ይህን ለማስለቀቅ የሚረጨው ፈሳሽ ከብረቱ ጋር ሲዋሐድ ወደ ሐምራዊ ስለሚለወጥ፣ ነጭ መኪና ላይ ሲታይ የሚያስገርም ትርዒት ይሆናል። የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ጠብታና ከአየር ላይ የወረደ የቀለም ብናኝ ደግሞ በጃፓን በተፈለሰፈና ክሌይ በሚባል ሰው ሠራሽ ጭቃ ይነሣል፤ ጭቃው በሚያንሸራትት ፈሳሽ ታግዞ በቀለሙ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ከወለሉ ከፍ ብሎ የቆመውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ይህ ክፍል ተሠርቶ እንደሆነ ማወቅ ለደንበኛው አስቸጋሪ አይደለም፤ እጅን በቀጭን ፌስታል አድርጎ ኮፈኑን በዝግታ መዳሰስ ይበቃል፤ ፌስታሉ የእጅን ስሜት ስለሚያጎላው ያልጸዳ ቀለም ሻካራነቱ ወዲያው ይታወቃል። እጥበቱና ማስለቀቁ በአንድነት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የሚወስዱ ሲሆን፣ በ75 ዶላር የተገዛ አገልግሎት ይህን ሁሉ ያካትታል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ቀጣዩ ልኬት ነው፤ ሐቀኛውን ሱቅ ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ በእጅ የምትያዝ አነስተኛ መሣሪያ ስትሆን፣ በብረት ላይ በመግነጢሳዊ ዘዴ፣ በአሉሚኒየም ላይ ደግሞ በብረቱ ውስጥ በሚቀሰቀስ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዙረት አማካይነት ከቆርቆሮው እስከ ላይኛው ወለል ያለውን ርቀት በማይክሮን ትናገራለች። በበሩ ላይ 120 የተነበበ መኪና በፓራፋንጎው ላይ 220 ቢያሳይ ያ ክፍል እንደገና የተቀባ መሆኑን፣ ቁጥሩ ብዙ መቶዎች ከደረሰም ከሥሩ ስቱኮ መኖሩን ያመለክታል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰውም በዚህች መሣሪያ ከሻጩ አንደበት ይልቅ ብዙ ሊያውቅ ይችላል። ለወልዋዩ ግን የሚያሳስበው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ቀላል ውልወላ በአንድ ዙር አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን፣ ጠንከር ያለው ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ማይክሮን ሊያነሣ ስለሚችል፣ በሙያው ውስጥ በመኪናው ዘመን ሁሉ ከ8 ማይክሮን ገደማ በላይ ክሊር እንዳይነሣ የሚመከር ልማድ አለ። ይህ ሲሰላ አንድ መኪና ከባድ ውልወላን የሚችለው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ዓመት በዓመት ከባድ ውልወላ የሚያስደርግ ባለቤት መኪናውን እየተንከባከበ ይመስለዋል እንጂ ያለውን ክሊር እየጨረሰ ነው፤ ይህን ነግሮት ቀለል ያለውን ሥራ የሚመክረው ባለሙያ ከራሱ ገቢ ቀንሶ የሚመክር በመሆኑ ሊታመን ይገባዋል።

ውልወላው ራሱ ከመላው ሥራ ረጅሙና ውዱ ክፍል ነው። ማሽኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው በአንድ እንዝርት ላይ ብቻ የሚዞር፣ ፈጣንና ቆራጭ፣ በዚያው መጠን ሙቀት የሚፈጥርና በሹል ጠርዞች ላይ ክሊሩን በቅጽበት ሊያቃጥል የሚችል ነው፤ ሁለተኛው እየዞረ ከመሐሉ ወጣ ገባ የሚል በመሆኑ ዘግየት ይላል፣ ነገር ግን ለስሕተት ያለው ትዕግሥት የላቀ ነው። በማሽኑ ጫፍ የሚለጠፈው የሱፍ፣ የማይክሮፋይበር ወይም የስፖንጅ ፓድ ከሚቆርጥ ወይም ከሚያለሰልስ ለጥፍ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ጥሩ ባለሙያ ሁልጊዜ በትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ ያደርጋል፤ ምክንያቱም የክሊር ጥንካሬ ከአምራች አምራች የተለያየ ነው፤ በሙያው ዘንድ የበርካታ የጀርመን መኪኖች ክሊር በጠንካራነቱ፣ የበርካታ የጃፓን መኪኖች ደግሞ በለስላሳነቱ ይታወቃል። ጠንካራው ጊዜ ይፈጃል፤ ለስላሳው ቶሎ ይስተካከላል፣ ነገር ግን ራሱ የመወልወያው ፓድ አዲስ ጭጋግ ስለሚጥልበት አጨራረሱ ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ ቀለም ያለው ጥቁር መኪና ከሁሉም ይልቅ የባለሙያን ትዕግሥት የሚፈትን ይሆናል። ባንድ ለጥፍና ባንድ ፓድ የሚጠናቀቀው የአንድ ደረጃ ውልወላ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ወስዶ የሚታየውን ጭረት ከግማሽ በላይ ያጠፋል፤ ማሻሻያ የሚባለው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ደረጃው ሥራ ደግሞ ከ12 እስከ 20 ሰዓት ይወስዳል። የመጨረሻዋን ጥቂት ጭረት ለማጥፋት የሚወጣው ሰዓት ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎች ሁሉ ይበልጣል፤ ባለቤቱም መኪናውን ለውድድር ካላቀረበ በቀር ልዩነቱን የሚያይለት ሰው አያገኝም።

ከዚህ በኋላ የገንዘቡ ነገር ግልጽ ይሆናል። በአሜሪካ የሚሠራ የተካነ ባለሙያ በሰዓት ከ60 እስከ 100 ዶላር ገደማ አስቦ ዋጋ ያወጣል፤ ይህን በሰዓቱ ማባዛት ነው። በጥንቃቄ የሚሠራ የእጅ እጥበት ከሰም ወይም ከሰው ሠራሽ መከላከያ ጋር ከ75 እስከ 200 ዶላር፣ ማስለቀቅና የአንድ ደረጃ ውልወላ የተጨመረበት ከ300 እስከ 700፣ ባለ ብዙ ደረጃው ማሻሻያ ከ800 እስከ 1,500 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። ትልቅ ኤስዩቪ ከአነስተኛ የቤት መኪና ይልቅ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ወለል ስላለው ዋጋውም በዚያው መጠን ከፍ ይላል። እቤት ድረስ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ባለሙያ የሱቅ ኪራይ ስለማይከፍል ቀነስ ያለ ዋጋ ሊያቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን በጥላና በጥሩ መብራት ሥር መሥራት ካልቻለ የውልወላው ጥራት ይጎዳል። የእጥበቱ ውሃም ያለ ዋጋ የሚፈስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ የመነጩ የአካባቢ ደንቦች በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሳሙና ያለበት ውሃ ወደ ዝናብ ማፋሰሻ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ ባለሙያው ውሃውን የሚሰበስብበት ምንጣፍና መምጠጫ ይዞ ይዞራል ወይም ማለቅለቅ በማያስፈልገው ፈሳሽ ይሠራል። የደንበኛው መኪና በእጁ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳት የመድን ሽፋን የገባ ሱቅም አረቦኑን በዋጋው ውስጥ ያካትታል፤ ይህን ያልከፈለው ርካሽ ሠራተኛ ክሊሩን ያቃጠለ እንደሆነ ካሳው የሚፈለግበት ቦታ የለም።

በዋጋ ድርድር ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን ሰዓቱ ሳይሆን መከላከያው ነው፤ ማስታወቂያም የሚበዛው በዚሁ ላይ ነው። ጥንታዊው መከላከያ ካርናውባ ሲሆን፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም ነው፤ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ውበቱ ሞቅ ያለ፣ ዕድሜው ግን የጥቂት ሳምንታት ወይም ቢበዛ የጥቂት ወራት ነው። ሲላንት የሚባሉት ሰው ሠራሽ መከላከያዎች ከሰሙ የተሻለ ይቆያሉ። ከእነዚህ በኋላ የመጣው ሴራሚክ ሽፋን ከሲሊኮን ውሕዶች የሚሠራ ፈሳሽ ሲሆን፣ በቀለሙ ላይ ሲቀባ ተጠናክሮ የመስታወት ባሕርይ ያለው እጅግ ስስ ንብር ይሆናል፤ ውሃን ያንከባልላል፣ የወፍ ኩስና የነፍሳት አሲድ ወደ ክሊሩ እንዳይደርስ ያዘገያል፣ እጥበቱንም ያቀላል። ጥሩ ምርት በጥሩ ዝግጅት ላይ ከተቀባ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ሥራ በአሜሪካ የሚጠየቀው፣ የአንድ ደረጃ ውልወላው ተጨምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከ800 እስከ 2,000 ዶላር ነው። አንድ መኪና ለመሸፈን የሚበቃው የ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ግን ለባለሙያው ከ60 እስከ 100 ዶላር ገደማ የሚወጣበት በመሆኑ፣ ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ወደ ዝግጅቱ የሄደ ነው። ሽፋኑ ግልጽ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ጭረት አይደብቅም፤ እንዲያውም ለዓመታት ያቆየዋል። ስለዚህ ያለ ውልወላ የተቀባ ርካሽ ሴራሚክ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ፣ ውድ ነው።

9ኤች የሚለው የማስታወቂያ ምልክትም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ምልክቱ የሚያመለክተው በእርሳስ ጥንካሬ የሚሠራውን የቀለም ፍተሻ ሲሆን፣ ከለስላሳው የሥዕል እርሳስ ጀምሮ እስከ ጠንካራው ዘጠነኛ ደረጃ እርሳስ ድረስ በሽፋኑ ላይ እየተገፋ ጭረት መተው አለመተውን መለካት ነው። ከማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ጠንካራው እርሳስም ቢሆን በመንገድ አቧራ ውስጥ ካለው የኳርትዝ ብናኝ ይለሰልሳል። ስለሆነም ሴራሚክ የተቀባ መኪና በአሸዋማ ጨርቅ ቢታሽ ይጫራል፤ ከፊት በሚሄድ መኪና የተወረወረ ጠጠርም ይቦድሰዋል፤ የአንድ ወይም የሁለት ማይክሮን ውፍረት ያለው ነገር ጠጠርን ይመልሳል ብሎ መናገር ከሻጭ አንደበት ካልሆነ በቀር አይሰማም።

ጠጠርን የሚመልሰው ፒፒኤፍ የሚባለው የፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ ሽፋን ነው። መነሻው ወታደራዊ ሲሆን፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን የሄሊኮፕተር ክንፎችን ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመጠበቅ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ በመኪና ላይ የሚለጠፈው 200 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው፣ ማለትም ከፋብሪካው ቀለም ድምር የሚበልጥ ነው። ጥቃቅን ጭረቶች በፀሐይ ወይም በሙቅ ውሃ ሲሞቁ ከላዩ ላይ ይጠፋሉ። ዋጋው በዚያው መጠን ከባድ ነው፤ ፓራውልቱን፣ ኮፈኑን፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹንና ስፖኪዮዎቹን ብቻ ለመሸፈን ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር፣ መኪናውን በሙሉ ለማልበስ ከ5,000 እስከ 8,000 ዶላር ይጠየቃል። በፍጥነት መንገድ ላይ ረጅም ርቀት ለሚጓዝ አዲስ መኪና የፊቱን ክፍል ማልበስ ትርጉም ያለው ወጪ ነው፤ ሙሉው ግን መኪናው ራሱ እጅግ ውድ ካልሆነ በቀር ለብዙው ሰው አይመከርም።

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ የቀለም መከላከያ ጥቅል ከብድሩ ጋር ተደምሮ ሊቀርብለት ይችላል። ዋጋው ከብዙ መቶ ዶላር እስከ ሺሕና ከዚያ በላይ ሊደርስ ሲችል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀባው በልዩ ሱቅ በዚያ ገንዘብ ሩብ የሚገኝ ተራ ሲላንት ነው፤ በዚያ ላይ የብድር ወለድ ለዓመታት ይከፈልበታል። ሌላው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ርካሽ ውልወላ፣ ጭረቱን ሳያነሣ ዘይትና ሰም በሚሞሉ ለጥፎች ሸፍኖ የሚያስረክበው ነው፤ መኪናው ከሱቁ ሲወጣ ያበራል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ጭረቱ እንደነበረ ይመለሳል። ሥራው በትክክል መሠራቱን የሚያረጋግጠው ከውልወላው በኋላና ከመከላከያው በፊት ቀለሙ በአልኮል ተጠርጎ በጠንካራ መብራት ሲታይ በመሆኑ፣ ደንበኛው በዚያች ደረጃ ላይ ለማየት ወይም ፎቶ እንዲላክለት መጠየቅ መብቱ ነው።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች በመኪና አገልግሎት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ኡበር ብላክ የተባለው አገልግሎትም መኪናው ከውጭ ጥቁር እንዲሆን ይጠይቃል። በየቀኑ የሚታጠብ፣ በክረምት በመንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ውስጥ የሚመላለስ ጥቁር መኪና ባለ ብዙ ደረጃ ማሻሻያ ቢደረግለት ጭረቱ በጥቂት ወራት ስለሚመለስ ገንዘቡም ክሊሩም ይባክናሉ። ለእንዲህ ያለው መኪና የሚያዋጣው ብሩሽ በሌለው ማጠቢያ መታጠብ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ማስለቀቅና ሲላንት ማስቀባት፣ የአንድ ደረጃ ውልወላን ደግሞ በሁለት ዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳያልፍ ማድረግ ነው።

የአዲስ አበባው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው ከተማ ደጅ የሚያድር መኪና ከባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ያርፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2024 መጀመሪያም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቀድሞ የገባ መኪና ለረጅም ዓመታት መቆየት ያለበት ንብረት ሆኗል። ይህ መኪና ምናልባት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም የተቀባ፣ በስቱኮ የተሞላና በማይታወቅ ክሊር የተሸፈነ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማንኛውም ውልወላ በፊት በውፍረት መለኪያ እንዲታይ መጠየቅ ከአሜሪካ ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማውጣት ካለበትም ቅድሚያ የሚገባው በንጹሕ ማይክሮፋይበር የሚደረግ እጥበትና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀባ ሲላንት ነው፤ ውልወላ ከዚያ በኋላ፣ ሴራሚክም ከውልወላው በኋላ ይታሰባል።

የዋጋ ማቅረቢያው በጽሑፍ መሆን ሲኖርበት፣ ስንት የውልወላ ደረጃ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የቀለሙ ውፍረት ከሥራው በፊትና በኋላ ተለክቶ እንደሚሰጥ እንዲሁም መከላከያው በስሙና በዓይነቱ ሊገለጽበት ይገባል። ለዓመታት ዋስትና የሚሰጡ የሴራሚክ ሱቆች ብዙውን ጊዜ ደንበኛው በየዓመቱ መጥቶ በክፍያ እንዲያስፈትሽ ያስገድዳሉ፤ ይህ ዓመታዊ ክፍያ ከ100 እስከ 200 ዶላር ከሆነ የአምስት ዓመቱ ድምር የመጀመሪያውን ዋጋ በ500 ወይም በ1,000 ዶላር ከፍ ስለሚያደርገው በንጽጽሩ ውስጥ መግባት አለበት። ሴራሚክ የተቀባ መኪና ከተረከቡ በኋላ ሽፋኑ እስኪጠናከር ድረስ ለሳምንት ያህል በሳሙና አይታጠብም፤ በእነዚህ ቀናት ወፍ ከኮሰበት ወይም ዝናብ ከመታው በንጹሕ እርጥብ ማይክሮፋይበር ወዲያው ይጠረጋል፤ ከመጀመሪያው እጥበት ጀምሮ ግን ብሩሽ ወዳለው ማጠቢያ መመለስ የተከፈለበትን ውልወላ በዋጋው ልክ ማጥፋት ይሆናል።